አራሷን ትንሽ አስነሷት!

የእኛ ሰው ከወደደህ የሚሰጥህ ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ተኛ!» ይልሃል። ራስህን ካመመህ ተኛ፤ ከሆስፒታል ከወጣህ ተኛ፤ እግርህ ተሰብሮ ጀሶ ከገባልህማ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አትነሣም፣ ብርጭቆው አልጋህ ድረስ ይመጣል። ለወለደች ሴት ሲሆን ደግሞ ትእዛዙ ወደ አዋጅ ያድጋል። ጎረቤት ገንፎውን ይዞ ይገባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ አራሷ ሰላም ልትል ከትራሷ ቀና ስትል ቤቱ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ «ኧረ ተኚ! በሞቴ እንዳትነሺ!»

እኔ ዛሬ ከዚህ አዋጅ ጋር ትንሽ ልጣላ ነው። ገንፎውን አልነካም፤ አጥሚቱንም አልነካም (ማን ደፍሮ!)። አራስን ሰብሰብ ብሎ መንከባከብ፣ ሥራ እንዳትነካ ማድረግ፣ ብቻዋን አለመተው ብዙ አገር ያሉ ሴቶች ቢያገኙት የሚመኙት ነገር ነው። ወልደው በሳምንታቸው ቢሮ የሚገቡ፣ ሌሊት ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር ብቻቸውን የሚፋጠጡ ሴቶች ያሉበት ዓለም ላይ ነው ያለነው። ጠቤ «አትነሺ» ከምትለው ቃል ጋር ብቻ ነው። ሰው ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ያ የረጋ ደም ካለበት ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ደም እንዴት ይረጋል?

ልባችን ደሙን ወደ እግር ይልከዋል፤ ቁልቁል ስለሆነ መውረዱ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከእግር ጣት እስከ ደረት ያለውን ዳገት ደሙን የሚያስወጣው በዋነኛነት የባታችን ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ባታችን ጭምቅ ለቀቅ እያለ በውስጥ ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቃቸዋል፣ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። ደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ሐኪሞች ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንተኛ ወይም ስንቀመጥ ይህ ሁለተኛ ልብ ሥራ ያቆማል ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ከዚህ ጋር በተያያዘ ስሙ እስካሁን ይነሣል። ደም ያለቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉ ተብለው ዛሬም የሚማሯቸው ሦስት ነገሮች የሚጠሩት በእሱ ስም ነው፤ አንደኛ የደሙ ፍሰት ሲዘገይ፣ ሁለተኛ የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ሦስተኛ ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲቸኩል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 የሚከበረው የደም መርጋት ቀንም የእሱ የልደት ቀን ነው፤ ከ2014 ጀምሮ ይከበራል።

እንግዲህ አራሷን በእነዚህ ሦስት ነጥቦች መዝኗት። እርጉዝ ሴት በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት እንዳትሞት ተፈጥሮ አስቀድማ ደሟን ለመርጋት ታዘጋጃለች። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፣ ግን ልጁ ሲወለድ ዝግጅቱ በዚያው ቀን አይፈርስም። በዚያ ላይ ማህፀኗ ለወራት የዳሌዋን ደም መልሶች ተጭኖ ከርሟል (በተለይ የግራውን፤ በእርጉዞችና በአራሶች ላይ የደም መርጋት የግራ እግር የሚበዛው ለዚህ ነው)። ምጡ፣ ይልቁንም ኦፕራሲዮኑ፣ የደም ሥሮችን ይጎዳል። ይህን ሁሉ ተሸክማ ቤቷ ስትገባ የቀረውን አንድ ነገር፣ ማለትም አለመንቀሳቀስን፣ እኛ ከገንፎው ጋር እንጨምርላታለን።

አሁን የሂሳቡን ነገር እንይ። እርግዝና ይህን አደጋ 5 እጥፍ ገደማ ይጨምረዋል፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ከእርግዝናውም ይብሳል። አደጋው ጣሪያ የሚነካው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ እየቀነሰም ቢሆን እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው፣ 12 ሳምንት 84 ቀን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አራሱን አርባ ቀን ይጠብቃል፤ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ክርስትናው ሰማንያ ቀን ይጠብቃል። ቁጥሮቹ መግጠማቸው አጋጣሚ ነው። ግን «ተኚ» የምንልበት ጊዜ መተኛት ከምንጊዜውም ይበልጥ አደገኛ ከሆነበት ጊዜ ጋር በቀን ሳይቀር መገጣጠሙ ያስደነግጣል።

ላስፈራራችሁ አይደለም። ከ1000 እርግዝናዎች ይህ የሚደርሰው በአንዷ ወይም በሁለቷ ነው። ይህን ቁጥር ግን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕፃን ለሚወለድባት አገር አባዙት።

«ብርድ ነው የመታት»

ታላቅ እህቴ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። በ16ኛው ቀን ግራ እግሯን አመማት። ባቷ ላይ ጀመረ፣ ማግሥቱን እግሯ ሁሉ አበጠ፣ ሲነኩት ይሞቃል። የቤቱ ሸንጎ ተሰበሰበና ያለ ብዙ ክርክር ፍርዱን ሰጠ፤ ብርድ ነው የመታት፣ መስኮት ተከፍቶ ነበር። እግሩ በቅቤ ታሸ፣ በጋቢ ተጠቀለለ፣ ለነገ ደግሞ ጥሩ ወጌሻ ተባለ። እማዬ ክሊኒክ እንውሰዳት ብላ ወሰድናት፤ ክሊኒኩ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰን።

ያዳነችን ገንፎ ልትበላ የመጣች ጎረቤታችን ናት። ነርስ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤

«ሁለቱም ነው ያበጠው ወይስ አንዱ?»

«ግራው ብቻ ነው።»

«በሉ እንዳታሹት። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ዶፕለር አልትራሳውንድ ያለበት ቦታ ውሰዷት።»

በዶፕለር ሲታይ ደሙ ከባቷ አልፎ ጭኗ ድረስ ረግቶ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «አሽታችኋል?» ብሎ ነው። ለምን እንደጠየቀ ቆይቶ ገባን። እግር ውስጥ ያለውን የረጋ ደም በእጅ እየገፉ ማሸት ከተጣበቀበት ሊያላቅቀው ይችላል። የተላቀቀው ወደ ልብ ይሄዳል፣ ከልብ ወደ ሳንባ። ወጌሻዎቻችን ለወለምታ ስንት ሰው አቅንተዋል፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ያበጠ የአንድ ወገን እግር ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም።

የሲስተር ጥያቄ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንዳትረሱት የምፈልገው ነው። ከወሊድ በኋላ ሁለቱም እግሮች ትንሽ ማበጣቸው የተለመደ ነው (ሲበዛ እሱም በሐኪም መታየት አለበት)። አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ባት ሲያም፣ ቆዳው ሲሞቅ፣ መልኩ ሲቀየር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንጆቹ «መቅላት» ይሉታል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ሐኪሞች የሁለቱን ባት ዙሪያ ይለካሉ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ እንደ አንድ ምልክት ይይዙታል። የልብስ ሰፊ ሜትር የሌለበት ሰፈር የለም። ሜትሩ ግን በሽታውን ለመጠርጠር እንጂ «የለብሽም» ለማለት አይበቃም። አንዳንዱ የረጋ ደም ጭራሽ ምልክት አያሳይም።

ደሙ ሳንባ ሲደርስ የሚታየው ደግሞ ይህ ነው፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስን መሳት፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ሳል። አራስ ቤት ውስጥ ይህን «ምች ነው»፣ «ደክሟት ነው» እያሉ ሰዓት ማባከን ቀላል ነው። ታክሲ ጥሩ። ጸሎቱ መንገድ ላይም ይደርሳል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»

ይህን ያሉኝ ሰዎች አሉ። የቅንጦት በሽታ ያስመሰለው የአውሮፕላን ወሬ ይመስለኛል። በእርግጥ ከ4 ሰዓት በላይ የሚወስድ ጉዞ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ግን አደጋው ከ6000 ተጓዦች ለአንዱ ገደማ እንደሆነ ነው የገመተው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ መንገዱ ላይ ውኃ እንዲጠጣ፣ ቁርጭምጭሚቱን እንዲያንቀሳቅስ፣ በየተወሰነ ሰዓቱ ተነሥቶ እንዲራመድ ንገሩት። የጎንደር አውቶቡስም ያው ወንበር ነው፤ ምሳ ላይ ሲቆም ወርዶ ዞር ዞር ማለት ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ወንበሩ ሳይሆን አልጋው ነው። ከዚህ በሽታ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚከሰተው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወይም ከወጣ በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ነው። ካንሰር፣ ኤች.አይ.ቪ፣ ስብራት፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ ውፍረት፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ችግር፣ ሁሉም ያጋልጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከነጮች ይልቅ ጥቁሮችን ያጠቃል። የፈረንጅ ነው የሚለውን እዚህ ላይ ብንተወው ይሻላል።

ወንበሩም ቢሆን አውሮፕላን ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሕዝቡ ሌሊቱን መጠለያ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነጋ ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ሳንባ ውስጥ በገባ የረጋ ደም በድንገት የሚሞተው ሰው በብዙ እጥፍ መጨመሩን ያስተዋለው ያኔ ነው። ሰዎቹን ከቦምብ ያዳናቸው መጠለያ ወንበሩ ላይ ገደላቸው።

ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ደግሞ የዴቪድ ብሉም ታሪክ አለ። የአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ ዘጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካ ጦር ጋር ወደ ባግዳድ ሲገሠግሥ ለቀናት ጠባብ የጦር ተሽከርካሪ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ፣ አደረም። እግሩን ያመው ነበር፣ ሥራው ግን ይቀጥል ነበር። በሚያዝያ ወር በ39 ዓመቱ ሞተ። ጥይት አይደለም የገደለው፤ ከእግሩ ተነሥቶ ሳንባው የገባ የረጋ ደም ነው።

ስለ አራስ ካነሣን ደግሞ ሴሬና ዊሊያምስን የማያውቅ የለም። ከዚህ በፊትም በ2011 እ.ኤ.አ. ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት ታውቃለች። በ2017 ሴት ልጇን በኦፕራሲዮን በወለደች ማግሥት ትንፋሽ ሲያጥራት ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ሲቲ ስካንና የደም ማቅጠኛ እንዲሰጧት ጠየቀች። ነርሷ መድኃኒቱ አደናግሯት ነው ብላ ጠርጥራ እንደነበር ሴሬና ራሷ ተናግራለች። ሲቲ ስካኑ ሲነሣ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ዓለም የሚያውቃት፣ ገንዘብ የማይቸግራት፣ በሽታዋን በስሙ የምታውቅ ሴት ይህን ያህል ከተከራከረች፣ «ብርድ ነው» የተባለችው የእኛ አራስ ምን ታድርግ?

ጎመንና ክኒን

መዳን አለ። ግን «ድኛለሽ፣ ሂጂ» ብሎ የሚያሰናብት በሽታ አይደለም። እህቴ መጀመሪያ በመርፌ የሚሰጥ ሄፓሪን፣ ከዚያ ዋርፋሪን ተጀመረላት። ዋርፋሪን ማለት እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ የወጣና በ1954 ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት ነው (ይህን ለእማዬ እስካሁን አልነገርናትም)። ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ደሙ ይረጋል። መካከለኛውን ለመጠበቅ አይ.ኤን.አር የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 መካከል መሆን አለበት። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው። ደግነቱ ዋርፋሪን የምትወስድ እናት ማጥባት ትችላለች። ለእርጉዝ ግን ፅንስ ስለሚጎዳ መርፌው ነው የሚመረጠው።

ታዲያ ጾም መጣ። ወጡ ጎመን፣ ማግሥቱም ጎመን። አይ.ኤን.አር ወረደ። ጎመን ውስጥ በብዛት ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። ጾሙ ተፈትቶ ጎመኑ ሲጠፋ ደግሞ ቁጥሩ ወጣ። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ለእህቴ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሐኪሟ ጎመን ተዪ አላላትም። በጾምም በፍስክም መጠኑን እኩል አድርጊው፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪኝ ነው ያላት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን በሆነበት አገር ይህ ምክር ዋርፋሪን በሚሰጥበት መስኮት ሁሉ መነገር ያለበት ይመስለኛል።

ሌላው ፋርማሲው ነው። ራስ ምታት ሲነሣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን፣ ሆድ ሲቆርጥ ፍላጂል እንገዛለን፤ ማዘዣ የሚጠይቅም ላይኖር ይችላል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለመድማት ያጋልጣሉ፣ ፍላጂል ደግሞ አይ.ኤን.አርን ያስወነጭፈዋል። እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉ ይህን ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ ክኒኖች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ለምታጠባ እናት ግን አይመከሩም።

እግሩም እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ከታመሙ ሰዎች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት እግራቸው እየከበደ፣ እያበጠ፣ ብሶ ሲገኝም እየቆሰለ አብሯቸው ይኖራል። እህቴ ማታ ማታ እግሯን ትራስ ላይ ትሰቅላለች። ረጅም ቀሚስ የምታዘወትረው ለፋሽን አይደለም።

«እናቶቻችን ተኝተው አይደል የወለዱን?»

ይህ መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከሥጋ ዘመዶቼ አፍ ነው የሰማሁት። ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ከእናቶቻችን ዘመን ስንቷ አራስ «ብርድ መቷት»፣ «ምች መቷት»፣ «ዓይን በልቷት» እንደሞተች የቆጠረ የለም። በድንገት የሞተችውን በምን እንደሞተች ሳንጠይቅ ቀብረናል። ሁለተኛ፣ አወላለዳችን ተቀይሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላ አገሪቱ በኦፕራሲዮን የሚወለደው 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ከ5 እናቶች አንዷ ገደማ በኦፕራሲዮን እንደምትወልድ አሳይቷል። ኦፕራሲዮን ነፍስ ያድናል፤ የደም መርጋትን አደጋ ግን ይጨምራል። የከተማ ልጆች ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን እየሠራን አርግዘን፣ በኦፕራሲዮን ወልደን፣ አርባ ቀን ስንተኛ ነገሩ ከአያቶቻችን ጋር አንድ አይደለም። የገጠሯ እናትማ ብዙ ጊዜ አርባ ቀን የምትተኛበት ዕድልም የላትም።

እና ምን እናድርግ? የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ሐኪም ካልከለከለ በቀር በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ትነሣ፣ ትራመድ። ቤት ከገባች በኋላ በየሰዓቱ ከአልጋ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ። ነፋስ ከፈራችሁ ጋቢውን ደርባችሁ አብራችኋት ዞሩ። አልጋ ላይ ስትሆን የእግሯን ጣቶች ወደ ራሷ እየሳበች ወደ ታች እየገፋች ባቷን ታሠራው። ከአጥሚቱ በተጨማሪ ውኃ ትጠጣ። ከዚህ በፊት ደም የረጋባት፣ በቤተሰቧ የታየባት ወይም ለሳምንታት ተኝታ የከረመች ከሆነች ከመውለዷ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ መከላከያ የሚሆን መርፌና እግር ጨመቅ የሚያደርግ የሕክምና ካልሲ አለ። ሆስፒታሎቻችን ደግሞ አራስ ሲያሰናብቱ ስለ ክትባትና ስለ ጡት ማጥባት እንደሚነግሯት ሁሉ ስለ እግሯም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። ከሁሉ የሚቀለውና የሚጎድለው ይህ ነው።

ለእኛ ለወጣቶቹም ድርሻ አለን። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ዳይፐርና ፒጃማ ይዘን ገብተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ገንፎ በልተን እንወጣለን። በሚቀጥለው ስትሄዱ ሕፃኑን ለአክስቱ አስይዙና አራሷን ክንዷን ይዛችሁ አስነሷት፤ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ። ስትመለሱ ደግሞ «እግሮችሽ እንዴት ናቸው? አንዱ ያብጣል?» በሏት። አክስቶች ቢቆጧችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው፤ ቁጣው ለእኔ ይሁን።

ቸር እንሰንብት።